በመስኮትሽ ምን ይታያል?

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊት ሲሉኝ ለሙገሳ ነው፤ ከኋላዬ ሲሉኝ ግን ሌላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ባዳ ሆኖብኝ አያውቅም፣ ሁሉንም ይሰማል።

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ነጋዴዎች ማስታወቂያቸው በስልክ ጨዋታዎች መሀል ብቅ እንዲል ይከፍላሉ። ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር የጨዋታው ባለቤት ድርሻውን ያገኛል። ታዲያ ሰው መቼም ሰው ነውና፣ በሰው ጣት ፋንታ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ የሚነካ ማሽን የሚያቆሙ ሞልተዋል። እኔ ከአንድ ቀለም መደብር በላይ ባለች፣ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ በማይለቃት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ንክኪዎቹን አጣራለሁ። ይሄ ሰው ነው፣ ይሄ ማሽን ነው። ማሽን እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል ነው የሚነካው። ሰው ግን ይቸኩላል፣ ይሰለቻል፣ ስልኩን ጥሎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ልዩነቱን ለማወቅ ከስክሪኑ ላይ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃኛል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት በግንባርሽ ላይ ተጽፏል ትለኛለች ታናሽ እህቴ። ይጻፍ። እሷ ግንባሯ ንጹህ ሆኖ የት ደረሰች?

የደረሰችው እኔ ቤት ነው፤ ልጇን ይዛ፣ ከባሏ ሸሽታ። የባሏን ስም በቤታችን አንጠራም። «ሰውየው» ነው የምንለው። ሰውየው ሶፋ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ምላሱ ማር ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ከምላሱ እጁ ይቀድማል። የእህቴ እጅ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበር ፍርድ ቤት ልጅቷን ለእናቷ ሰጥቶ እሱን እንዳይጠጋቸው አዘዘው። እሱም ከችሎቱ ስንወጣ ጠበቀንና «ወረቀት በር አይሆንም። የት እንዳለሽ ያወቅኩ ቀን ያልቅልሻል» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለደንበኛ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ፈገግ ብሎ ነበር። ፖሊስ ዘንድ ሄደን ስንናገር «እስኪመጣ ድረስ ምን እናድርገው?» አሉን። ከመጣ በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለዚህ ሦስታችንም ከተማ ቀየርን። እኔም የቀድሞ ሥራዬን ትቼ ሌላ ድርጅት ተቀጠርኩ። ሁለት ክፍል ተከራየን፣ የስልክ ቁጥራችንን ለወጥን፤ የት እንዳለን ከእናታችን በቀር ለማንም አልተናገርንም። ለእሷም ቢሆን የነገርናት የከተማውን ስም ብቻ ነው። እማዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ችግሯ ሰውየውን ትፈራዋለች እንጂ አትጠላውም። የተቀመጠችበት ሶፋ ራሱ ከእሱ ሱቅ የመጣ ነው።

ከድሮው ቤት ይዘን የመጣነው አንድ ነገር ቢኖር የሚጣ ታብሌት ነው። ሚጣ የእህቴ ልጅ ናት፤ አንደኛ ክፍል ነች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ታብሌቱን የገዛላት አባቷ ነው። እህቴ ልትጥለው ፈልጋ ነበር። እኔ ነኝ ተይ ያልኳት። ሲም የለውም፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሲም የሌለው ነገር ለማን ያወራል? ደግሞስ ቤቷን፣ ጓደኞቿንና ውሻዋን ጥላ የመጣችን ልጅ ፊኛ የምታፈነዳበትን ጨዋታ ጭምር መቀማት ግፍ ነው። ጨዋታውን ደግሞ አውቀዋለሁ። በኔ ወንፊት ያለፈ፣ ንጹህ ያልኩት ጨዋታ ነው።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ደወለች። ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ስለ ጎረቤቷ ጠብ አወራች፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ «ሰውየው ትናንት ብቅ ብሎ ነበር» አለች።

«ምን ፈልጎ?»

«ምንም። ብርቱካን ይዞልኝ። እንዴት ነሽ እማማ ሊለኝ ነው። ብቻ ሲወጣ ‹በመስኮታቸው ሰማያዊ ታንከር ነው አሉ የሚታየው፤ ውሃ አይቸግራቸውም ማለት ነው› አለኝ። የምን ታንከር ነው?»

መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሰማያዊው የውሃ ታንከር ቁጭ ብሏል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ለማን ነው የነገርሽው?»

«እኔ? ቤታችሁን መቼ አየሁትና! ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው። ታንከሩን አይታው አታውቅም። ያላየችውን ልትናገር አትችልም። ታዲያ በዚያች መስኮት የምናየው ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ ልጅ ናት። አንዷ እኔ ነኝ።

ስለዚህ እህቴን ጠረጠርኩ። ልሸሽገው አልፈልግም፣ ከልቤ ነው የጠረጠርኳት። የደበደባትን ሰው የናፈቀች ሴት የመጀመሪያዋ አትሆንም ብዬ አሰብኩ። ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን አንስቼ የደወለችውን፣ የጻፈችውን፣ ያጠፋችውን ሁሉ በረበርኩ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ንጽህናው የበዛ ነገር ሥራዬ ላይም ደስ አይለኝም።

ፎጣ ጠምጥማ ስትወጣ ስልኳ እጄ ላይ ነበር። አልተቆጣችም። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እሱም እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ።»

ስልኩን መለስኩላት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም፤ ጥርጣሬዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።

በዚያው ሳምንት ሚጣ እራት ላይ ማንኪያዋን እየላሰች «ቡችዬን ናፍቄዋለሁ» አለች። ቡችዬ ያ ጥለነው የመጣነው ውሻ ነው፤ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ነጭ፣ ሰነፍ ውሻ።

«እሱ ነው የናፈቀሽ» አለቻት እናቷ።

«አይደለም። እሱ ነው ናፈቅሽኝ ያለኝ።»

«መቼ?»

«ቅድም። ፊኛው ውስጥ።»

እህቴ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ስታጥብ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ ከናፍቆት ብዛት መቃዠት ጀመረች ብላ ነው። እኔ ደግሞ እህቴን ዓይን ዓይኗን ነው የማያት። ሕፃን ከምንም ተነስቶ አያወራም፤ ይህቺ ልጅ እናቷ ከአባቷ ጋር ስታወራ ሰምታለች ብዬ ደመደምኩ። ይሄውላችሁ፣ መጠርጠር ማለት ማየት ማለት አይደለም። እውነቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ማንኪያ ሲልስ እኔ የማየው ሌላ ቦታ ነበር።

ዓይኔን የገለጠው ሥራዬ ነው። ያ የፊኛ ጨዋታ ለወሩ ማጣሪያ ተመልሶ መጣልኝ። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ስልክና ታብሌት በአንድ ረጅም ቁጥር ነው የሚታየው። ከቁጥሩ ጎን የተጫዋቹ ዕድሜ፣ ጾታና ሰፈር አለ፤ ከዚያ የነካበት ሰዓት። ዕድሜውን የሚነግረን ጨዋታው ራሱ ነው። በዚህ ጨዋታ ላይ ደግሞ ሁሉም ተጫዋች የአርባ ዓመት ወንድ ነበር። አንድ አይቀር። ብዙ ጊዜ አይቼው «ጎልማሶች ፊኛ ይወዳሉ» ብዬ ቀልጄበት ሁሉ አውቃለሁ። ንክኪው የሰው ስለሆነ ሌላው ጉዳዬ አልነበረም።

ያን ቀን ግን የሚጣ «ፊኛው ውስጥ» ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበርና ሰዓቶቹን ደግሜ አየሁ። እነዚህ የአርባ ዓመት ጎልማሶች ጠዋት ሁሉም ይጠፋሉ። ከሰዓት ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ጊዜ ሁሉም እኩል ይመጣሉ። ገና ሲመሽ ሁሉም ተኝተዋል። ሲነኩ ደግሞ ጥድፍ ጥድፍ ጥድፍ፣ ከዚያ ፀጥታ፣ እንደገና ጥድፍ ጥድፍ። ማስታወቂያ ፈልጎ የሚነካ ሰው እንዲህ አይነካም። ፊኛ የመሰለውን ሁሉ የሚያፈነዳ ልጅ ነው እንዲህ የሚነካው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከልጅ ላይ የት እንዳለ መሰብሰብ ክልክል ነው። የልጅ ማስታወቂያ ደግሞ ርካሽ ነው። የጨዋታው ባለቤቶች ልጆቹን ሁሉ ጎልማሳ ብለው ጽፈዋቸዋል። ጎልማሳ ከሆኑ ዋጋቸው ይጨምራል፣ ሰፈራቸውም ይሸጣል። እኛ ማጣሪያ ክፍል የተቀመጥነው ወንፊቶች ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምንጠይቀው፤ ሰው ነው ወይስ ማሽን? የማን ጣት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ለምሳ ወጣሁ ብዬ በቀጥታ ቤት ሄድኩ። ሚጣ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ትምህርት ቤት አልሄደችም። ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ፊኛዋን ታፈነዳለች። አጠገቧ ተኛሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

«አክስትዬ፣ መጫወት ፈለግሽ?»

«አንቺ ተጫወቺ፣ እኔ ልይሽ።»

ቀይ ፊኛ፣ ቢጫ ፊኛ። የጫማ ማስታወቂያ መጣ፣ ሄደ። የብድር ማስታወቂያ መጣ፤ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ ብድር። ከዚያ ስክሪኑ ነጣ አለና ቡችዬ መጣ። የተቀደደው ጆሮው፣ የሰነፈ ዓይኑ፣ እነሱ ሳሎን በነበረው አረንጓዴ ሶፋ ላይ ተጋድሞ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ናፈቅሽኝ» ይላል።

«አየሽ?» አለችኝ ሚጣ። «እማዬ አላመነችኝም።»

ውሻውን ነካችው። ሌላ ገጽ ተከፈተ። «በመስኮትሽ ምን ይታያል?» ይላል፤ ከሥሩ የሚነኩ ሥዕሎች ተደርድረዋል። ድልድይ፣ ዛፍ፣ መኪና፣ የውሃ ታንከር፣ የትምህርት ቤት ደወል። ጣቷ በልማድ ወደ ታንከሩ ሲሄድ እጇን ያዝኩት።

«ይሄን ነግሬዋለሁ እኮ» አለች። «ሰማያዊ ነው ብዬዋለሁ። ዛሬ ሌላ ልንገረው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ። ሰውየው ሶፋውን ሲሸጥ የኖረው በማስታወቂያ ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል። ታብሌቱን የገዛው እሱ ስለሆነ የታብሌቱን ቁጥር ይዟል። ለዚያ ቁጥር ብቻ የሚታይ ማስታወቂያ ገዛ። ማስታወቂያው በታየ ቁጥር የታየበት ከተማና ሰፈር በሪፖርት ይደርሰዋል። ሰፈሩን ከጨዋታው አወቀ፣ መስኮቱን ከልጁ። የቀረው በሩ ብቻ ነበር።

እህቴ ከኋላችን ቆማ ነበር። ቡችዬን ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። የተሰበረው እጇ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬም የነገርኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ።

አቅፌያት ቆየሁ፤ ለብዙ ጊዜ አቅፌያት አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አለቃዬ በዕድሜ ያንሰኛል፤ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ ነው ሰው የሚያናግረው። ስለ እህቴ ምንም አልነገርኩትም። ማን ያውቃል፣ ሰውየው የእሱም ደንበኛ ቢሆንስ? ስለ ጨዋታው ብቻ ነገርኩት፤ ተጫዋቾቹ በሙሉ ልጆች ናቸው፣ እናቁመው አልኩት።

«ንክኪው የማሽን ነው?»

«አይደለም። የልጅ ነው።»

«ልጅ ታዲያ ሰው አይደለም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ወንፊትዬ፣ በሰው የሚነካ ጨዋታ የምናገኘው መች ነው? ወሩ ይለፍና እናየዋለን።»

ሲስቅ አብሬው ፈገግ አልኩ። እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ ሰውየው ፍርድ ቤት በር ላይ አሳይቶናል።

እህቴ ታብሌቱን በድንጋይ ልትፈጨው ቆርጣ ጠበቀችኝ። ከለከልኳት። አሁን ድምፁ ቢጠፋ የመጨረሻው የታየበት ቦታ ይሄ ሰፈር ነው። መጥቶ ከሰማያዊ ታንከር ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች መቁጠር ነው የሚቀረው። ዳግመኛ ቤት ለመልቀቅም ጊዜ ያስፈልጋል። ታብሌቱ መጥፋት የለበትም፤ ከዚህ ሄዶ ሌላ ቦታ መታየት አለበት። እሱ በውሸት አገኘን፣ በውሸት እንሸኘው አልኩ።

ስንት ሌባ ያስያዝኩበት ዘዴ አለ፤ ስልክን ራሱን በራሱ እንዲነካ የምታደርግ ትንሽ ፕሮግራም። እሷን ጫንኩበት። የቢሮ ሲም ከተትኩበት። ፊኛው ያለ ጣት መፈንዳት ጀመረ።

የሚወስድልኝ ሰውም አልቸገረኝም። ከቢሯችን ሥር ላለው መደብር ቀለም የሚያመጣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፤ ቤቱ በአገሩ ሌላ ጫፍ ነው። አነዳዱ ከመረጋጋቱ የተነሳ «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ቀድሞት ይገባል እያሉ የመደብሩ ልጆች ይስቁበታል። ጣሳዎቹን አራግፎ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪናህ ላይ ሰክተህ ትወስድልኛለህ?»

«ምንድን ናት?»

«የመሥሪያ ቤት ናት። ኔትወርክ የት የት እንደሚደርስ ትለካለች። አትንካት ብቻ፣ ቻርጅ ላይ ትዋል። ቤትህ ስትደርስ አጥፋትና በሚቀጥለው ጭነት መልስልኝ።»

«መዘዝ የላትም?»

«የምን መዘዝ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ታብሌቷን በሁለት እጁ ተቀብሎ ከመሪው አጠገብ አስቀመጣት፤ እንዳትወድቅ በመጥረጊያው ጨርቅ ደገፋት።

ማታ እህቴ «እውነቱን ንገሪው፤ ሹፌሩ ደህና ሰው ይመስላል» አለችኝ።

«ደህና ሰው የሚመስል አግብተሽ አይደል እዚህ የደረስሽው?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት። ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር የሚያወራ ሰው ይበዛል። ለዚያ ሹፌር እንደምን ዋልክ ከማለት ያለፈ ቃል ነግሬው አላውቅም፤ ስለ እሱም ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ያን ረጅም ቁጥር ሆነ። ያ የአርባ ዓመት ጎልማሳ በአውራ ጎዳናው ላይ ቀስ እያለ፣ ከተማ ለከተማ፣ እኩል እኩል እየነካ ይሄዳል። የመጨረሻው ጀማሪ እንኳ ማሽን መሆኑን ያውቀዋል። እኔ ወንፊቷ ከጎኑ «ሰው» ብዬ ጻፍኩበት። አልከበደኝም። እንዲያውም ብቻዬን ሳቅሁ።

ቤት ውስጥ ሚጣ ታብሌቱን ጠየቀች፣ ሊጠገን ሄዷል አልናት። ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ከዚያ እርሳሷን አንስታ ውሻ መሣል ጀመረች። እኔም ከእህቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ልብስ ስናጣጥፍ፣ ስልክሽን በመበርበሬ አጥፍቻለሁ አልኳት። «አውቃለሁ» አለችና ያጣጠፍኩትን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጣጠፈችው፤ አሠራሬ አይጥማትም።

ከዚያ እማዬ ጠዋት ላይ ደወለች። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አደረግነው።

«ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ወጣ» አለች። «ትናንት መጥቶ ያን ሩቅ ከተማ ጠርቶ፣ እዚያ ዘመድ አላችሁ ወይ አለኝ። የለንም አልኩት። ሳቀብኝ። ዛሬ ገና ሳይነጋ መኪናውን አስነስቶ ሄደ ብለው ጎረቤቶቹ ነገሩኝ።»

«ወደዚያ?» አልኳት፤ የቀስ በቀስ ከተማ ነበር።

«ወደዚያ ነዋ! እዚያ ምን አላችሁ?»

እህቴ ተነስታ መጋረጃውን እስከ ጥግ ድረስ ከፈተችው። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ መጋረጃ ስትከፍት አይቻት አላውቅም። ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፣ ሚጣም እየሮጠች ሄዳ ብርሃኑ ውስጥ ተቀመጠች። እኔ ከቤት ስወጣ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ደረጃውን እያፏጨሁ ነው የወረድኩት፤ ማፏጨት እንደምችል ረስቼው ነበር።

ቢሮ ገባሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ ቁጥሩን ፈለግሁ። ጎልማሳው የአገሩ ሌላ ጫፍ ደርሶ ቆሟል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከዚያች ሩቅ ከተማ አልተነቃነቀም። አጥፍቶታል ብዬ ነበር። አልጠፋም። ንክኪዎቹን ዝቅ እያደረግሁ አየሁ። እኩል እኩል፣ እኩል እኩል፣ ከዚያ ክፍት ቦታ። ከክፍቱ ቦታ ቀጥሎ ሌላ ነገር ነበር።

ጥድፍ ጥድፍ ጥድፍ። ፀጥታ። ጥድፍ ጥድፍ።

ይህን ጣት አውቀዋለሁ። የሚጣ አይደለም፤ ሚጣን መስኮት ሥር ትቻት ነው የመጣሁት። ግን የእሷ ዓይነት ነው፤ ትንሽ፣ ችኩል፣ ሁሉንም ማፈንዳት የሚፈልግ። ከወንበሬ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። የመደብሩን ልጅ ከመስኮት ጠርቼ የሹፌሩን ቁጥር ተቀበልኩት። ስደውል ወዲያው አነሳ፤ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ያቺ ታብሌት የት ናት?»

«ኧረ እንዴት አደርሽ አይቀድምም?» አለኝ እየሳቀ። «ቤት ናት። አጥፍቻት ነበር፣ እውነቴን ነው። ልጄ አየቻትና አልለቅም አለች። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምን ታደርጊያታለሽ። አትቆጪ፣ አልሰበረቻትም። እኔ ጭነት ይዤ ወደናንተ መንገድ ላይ ነኝ፤ ለጊዜው ትጫወትባት፣ በሚቀጥለው አመጣልሻለሁ ብዬ ነው።»

«ምንም ነገር አላየችም? ውሻ?»

«እንዴት አወቅሽ? ውሻ አለበት አባዬ እያለች ነው ቤቱን የምታውከው። ውሻው እኮ ያናግራታል አሉ። በመስኮትሽ ምን ይታያል ይላታል።»

«ምን አለችው?»

«መኪና ነዋ። ከቤቴ በር ላይ የማቆማትን። ቀለሟን ጠየቀኝ፣ ቀይ ነው አልኩት አለችኝ።» ሳቀ። «ለዚህ ነው መሥሪያ ቤታችሁ የሚለካት?»

ሰውየው ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። እሱ እንደ ቀስ በቀስ አይነዳም።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እሷና እናቷ። ለምን?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ውሸት ነበረኝ። ሁልጊዜም ይኖረኛል። ግን የማላውቃት ልጅ ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ታየችኝ፣ የፊት ጥርሷም ወልቆ ይሆናል፤ ውሸቱን ተውኩት። ስለ እህቴ እጅ ነገርኩት። ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ታንከሩ ነገርኩት። ታብሌቷን ለምን እንደሰጠሁትና ለምን እንደዋሸሁት ነገርኩት። አላቋረጠኝም። መሀል ላይ መኪናውን ዳር ይዞ ሞተሩን ሲያጠፋው ሰማሁ።

«አሁኑኑ ደውልላት» አልኩት። «ታብሌቷን እዚያው ትታ፣ ልጅቷን ይዛ ከቤት ትውጣ። ፖሊስ ዘንድ ትሂድ። እኔም አሁን ለፖሊስ እደውላለሁ፤ ያደረግሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ።»

«ይህን መኪናው ጋ ሆነሽ ብትነግሪኝ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እወስድልሽ ነበር እኮ። እወስድልሽና መንገድ ላይ ወንዝ ውስጥ እወረውርልሽ ነበር።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም።

«ሚስቴ ለፖሊስ ማን እየመጣብኝ ነው ትበል?» አለኝ። «የሰውየውን ስም ንገሪኝ።»

በቤታችን አንጠራውም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ የቢሮው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ስሙን ከነአባቱ ነገርኩት።